ጳጉሜ 6 የለችም፤ ቴስቱ ግን አልፏል

«ጋሼ፣ ቴስቱ በሙሉ አልፏል» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። «አንዱ ወድቋል» ቢሉኝ ይሻለኛል፤ የወደቀ ነገር ቢያንስ መሬት ነክቷል። የእኛ ቢሮ ልጆች ቴስት ግን መሬት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ጠዋት ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስክሪን አረንጓዴ ነው። ለምሳ ስወጣ አረንጓዴ ነው። ደንበኛ ደውሎ «ገንዘቤን የት አደረሳችሁት?» ብሎ ሲጮህም አረንጓዴ ነው። ልጆቹም ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ይላሉ። ይህችን «በእኛ በኩል» የምትባል ነገር መንግሥት መሥሪያ ቤት ትቻት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቴስት ማለት ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ በሌላ ኮድ የሚፈትንበት ነው። ዩኒት ቴስት ሲሆን ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ተነጥላ ትፈተናለች። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚመጣው ያቺ ትንሽ ክፍል ብቻዋን ስለማትኖር ነው። የብድር ክፍያ የሚመዘግብ ኮድ ውሰዱ፦ ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ ባንክ ይጠራል፣ ለደንበኛው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ቀኑን ከካላንደር ይጠይቃል። ልጆቹ እነዚህን ሁሉ ያወጡና በየቦታቸው ሞክ ያስቀምጣሉ። ሞክ የእውነተኛውን ኦብጀክት ስምና መልክ ይዞ የሚቆም፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ አስመሳይ ነው። «ባንኩ ሲጠየቅ ‹ገንዘቡ ገብቷል› በል» ይሉታል፤ ይላል። «ዳታቤዙ ሲጠየቅ ‹ተመዝግቧል› በል» ይሉታል፤ ይላል። ኤስኤምኤሱ «ደርሷል»፣ ካላንደሩ «ጳጉሜ 3»። ከዚያ ቴስቱ ኮስተር ብሎ ይነሳና ይጠይቃል፦ ባንኩ ምን አለ? ገንዘቡ ገብቷል አለ። ጎሽ፣ አልፏል!

እናንተዬ፣ ይሄ ፈተና ነው? ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ የሚባለው ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እንዲህ ስል «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓለም አቀፍ አሠራር ነው» ይሉኛል፤ እኔ ከትናንት ወዲያ ከገጠር የመጣሁ ይመስል። ዓለም አቀፍ መሆኑን አላጣሁትም፤ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቲም ማኪኖን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ የሚባሉ ሰዎች በኢጣሊያ ሰርዲንያ ደሴት በተካሄደ ጉባኤ ላይ ስለ ሞክ ኦብጀክት አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ደሴት ላይ የቀረበ ሐሳብ ሁሉን ነገር ነጥዬ ልፈትን ቢል አይገርመኝም። በዚያ ጊዜ ሞክ በእጅ ነበር የሚጻፈው፤ ስለዚህ ሰው ከመዋሸቱ በፊት ትንሽ ይደክም ነበር። በዓመቱ ታሞ ፍሪዘ የሚባለው ሰው ኢዚሞክን አወጣና ድካሙን አስቀረው፤ አስመሳዩን ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈለፍልልህ ጀመር። ቀጥሎ ጄሞክ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ ሽቸፓን ፋበር የጀመረው ሞኪቶ መጣና ጃቫ የሚጽፈውን ሁሉ ወረሰው። የሞኪቶ አርማ የኮክቴል ብርጭቆ ነው። የመፈተኛ መሣሪያ አርማው መጠጥ ሲሆን ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብን።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጄራርድ ሜዛሮስ የሚባል ሰው በጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ለአስመሳዮቹ ማዕረግ አወጣላቸው፦ ደሚ፣ ስተብ፣ ስፓይ፣ ሞክ፣ ፌክ። ደሚው ዝም ብሎ ቦታ ይሞላል። ስተቡ የተነገረውን መልስ ይመልሳል። ስፓዩ ማን እንደጠራው መዝግቦ ይይዛል። ሞኩ አስቀድሞ እንደተነገረው ካልተጠራ ይከሳል። ፌኩ ከሁሉም ይሻላል፤ በመጠኑም ቢሆን የሚሠራ ነገር አለው። ማርቲን ፋውለር ከዚያ በፊት፣ በ2004፣ ሞክና ስተብ አንድ አይደሉም ብሎ ረጅም ጽሑፍ ጽፏል። የእኛ ልጆች ግን አምስቱንም «ሞክ» ብለው ይጠሩና ይገላገላሉ።

ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይቅር አይለኝም። የእነሱ ዓላማ አንዱ ኦብጀክት ከሌላው ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው እየጻፉ ለመለየት ነበር፤ ዲዛይን ነው። የራስህ ያልሆነውን፣ ሌላ ሰው የሠራውን ነገር ሞክ አታድርግ ብለውም አስጠንቅቀዋል፤ ጠባዩን አታውቀውማ! ልጆቹ መሣሪያውን ወሰዱ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰርዲንያ ተዉት።

ደግሞ ይሄ የሞክ ባንክ እንዴት ያለ ባንክ ነው? መብራት ጠፍቶበት አያውቅም። ኔትወርክ ተቋርጦበት አያውቅም። «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅም። ወረፋ የለው፣ ፈታሽ የለው፣ «ከምሳ በኋላ ተመለሱ» የለው። እንዲህ ያለ ባንክ በአገሩ ካለ ደመወዜን ዛሬውኑ ወደዚያ አዛውራለሁ። እውነተኛው ባንክ እኮ ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን ዘግይቶ መመለስም ያውቃል። ጥያቄህን ትልካለህ፤ ትጠብቃለህ፤ ተስፋ ስትቆርጥ ለደንበኛው «አልተሳካም» ትለዋለህ፤ እሱም እንደገና ይጫናል፤ ከዚያ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም መልስ ተከታትለው «ተሳክቷል» እያሉ ይገባሉ። ሰውየው አንዴ ገዝቶ ሁለቴ ከፈለ። መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥተህ፣ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ዳግመኛ እንዳይቆረጥ ማድረግ ነው። ሞኩ ግን ሁልጊዜ ወዲያው፣ ሁልጊዜ አንዴ፣ ሁልጊዜ በትሕትና ስለሚመልስ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ለማንም ትዝ አይለውም። ሞክን እኮ «ዝም በል»፣ «ዘግይ»፣ «እምቢ በል» ብሎ ማዘዝ ይቻላል! አንድ መስመር ናት። ማን ይጻፋት?

ልጅት ለመጠየቅ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከታናሽ ወንድሙ ጋር የሚለማመድ ጎረምሳ አስቡ። «አንተ የልጅቷን አባት ሁን» ይለዋል። ወንድምየው ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን።» «ሰጥተናል!» እንደገና ይሞክሩታል። «ሰጥተናል!» መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ልጅ የለውማ። ዘሩን አይጠይቅ፣ ሥራውን አይጠይቅ፣ «እስቲ ከዘመድ ልምከርና በሳምንቱ ተመለሱ» አይል። ጎረምሳው ልቡ ሞልቶ ሽማግሌዎቹን ይልካል። እውነተኛው አባት ደጃፉ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ወንድምየው ጨርሶ ያላሰበው ነው። ልምምዱ ስለ አባትየው ምንም አላስተማረውም፤ ጎረምሳው አባትየው እንዲህ ነው ብሎ የሚያስበውን ነው መልሶ የነገረው። ሞክም እንዲሁ የጻፈው ሰው ከሚያውቀው በላይ አንዲት ነገር አያውቅም። ኮዱን የጻፈውና ሞኩን የጻፈው ያው አንድ ጭንቅላት ከሆነ፣ የተሳሳተውም አንዴ ከሆነ፣ ሁለቱ በምን ይጣላሉ?

አሁን ወደ ጳጉሜ ልምጣ።

አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ሲስተም አሠርቶን ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ የሠራውንም ቤት አልጠራም። ሲስተሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ስለሆነ አንድ ሌላ ሰው የጻፈው የካላንደር ላይብረሪ ተገጥሞለታል። ላይብረሪው ደህና ነበር፤ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ 6 እንደምትሆን ያውቃል። የእኛው ልጅ ግን ቀን የሚያጣራ አንዲት ትንሽ ክላስ በላዩ ላይ ጻፈ፦ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ከበለጠ «የተሳሳተ ቀን» ብለህ መልስ። ለክላሷም ቴስት ጻፈላት፤ ቴስት አልጻፈም አልልም። ካላንደሩን ሞክ አደረገው። ሞኩ ስንት ቀን ነው ሲባል «ጳጉሜ 3» ይላል። ክላሷ «ትክክል ነው» ትላለች። አረንጓዴ። ለምን 3 እንደሆነች ኋላ ስጠይቀው «ሩፋኤል ስለሆነ ትዝ አለችኝ ጋሼ» አለኝ። ምን ትለዋለህ? ሃይማኖቱ ደህና ነው።

እንግዲህ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ 6 ሰኞ ዋለች፤ የሥራ ቀን፣ ያውም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሰው ዶሮና ቅቤ ሊገዛ፣ በግ ሊጎትት፣ ካጠራቀመው ሊያወጣ በጠዋት ተሰልፏል። ሲስተሙ ለመጀመሪያዋ ደንበኛ ቀኑን ከእውነተኛው ካላንደር ጠየቀ፤ እውነተኛው ካላንደር እውነቱን ተናገረ፤ ያቺ ክላስ «የተሳሳተ ቀን» ብላ መለሰችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። እኔ ሽበቴ ደንበኛ ያረጋጋል ተብዬ ቅርንጫፉ ተልኬያለሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ፣

«እማማ፣ ሲስተሙ ዛሬ የተሳሳተ ቀን ነው ይላል» አለቻቸው።

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«ቀኑ ልክ አይደለም ይላል።»

«ሰው ይሳሳታል እንጂ ቀን ይሳሳታል እንዴ? ዘመኑ ሉቃስ አይደለም? ጳጉሜስ ስድስት አይደለችም?»

«ነች፣ እማማ። ሲስተሙ ነው እንጂ…»

«ታዲያ እኔ ዛሬ በየት በኩል ነው የመጣሁት?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኚህ እናት ፊደል ይቁጠሩ አይቁጠሩ አላውቅም፤ ከአንድ ሙሉ ቢሮ ኢንጂነር በላይ ቀኑን ያውቃሉ። የዚያን ቀን ሒሳብ ሁሉ በእጅ፣ በካርቦን ደረሰኝ ተሠራ። ቢሮ ደውዬ «ቴስቱ ምን ይላል?» ብል፣ «አልፏል ጋሼ» አሉኝ። ማታ አስተካከሉት፤ ጳጉሜ 6 የሚል ቴስትም ጨመሩበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የምትቀጥለዋ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው የምትመጣው።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሞክ ካላንደር የተፈጠረው ለዚህ እኮ ነበር! ሰው ጳጉሜ 6ን ለመፈተን አራት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ሞኩን «ዛሬ ጳጉሜ 6 ናት» ብትለው አምኖ ይቀበልሃል፤ የካቲት 30 በለው፣ የዓመቱን የመጨረሻ ሌሊት 6 ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው በለው፤ የትም ያደርስሃል። በእጃቸው የያዙት ጊዜን እንደልብ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። ወስደው ጳጉሜ 3 ላይ ቸከሉት።

ይህንን ሳነሳ «ጋሼ ያጋንናሉ፤ አንዲት የቀን ስህተት ናት» ይላሉ። እሺ፣ ትልቅ ላምጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አውሮፓውያን አሪያን 5 የተባለውን ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ደቡብ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ካለችው ኩሩ አስወነጨፉት። ውስጡ ክላስተር የሚባሉ አራት ሳተላይቶች ነበሩ። አርባ ሰከንድ ገደማ በረረና ተበታተነ። ነገሩ ሲጣራ አቅጣጫውን የሚነግረው መሣሪያ ሶፍትዌር ከቀድሞው ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነው። አዲሱ ሮኬት ወደ ጎን የሚፈጥነው ከአሮጌው በላይ ስለሆነ አንድ ትልቅ ቁጥር 16 ቢት ወደምትይዝ ጠባብ ቦታ ሲገለበጥ አልገባ አለ፤ ቦታዋ የምትችለው እስከ 32,767 ብቻ ነው። መሣሪያው ሥራ አቆመ። መጠባበቂያው መሣሪያ አለ አይደል? እሱማ ያንኑ ሶፍትዌር ይዞ ቀድሞት ነበር ያቆመው። የሚያስቀው፣ ቁጥሩን ያሰላ የነበረው ክፍል ለአሪያን 5 ሮኬቱ ከመሬት ከተነሳ በኋላ አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ከመወንጨፉ በፊት አልተፈተነም? ተፈትኗል እንጂ! ሙሉ በረራውን በሲሙሌሽን ደጋግመው ሠርተውታል፤ ብዙው ዕቃ በአካል ቀርቦ ነው የተፈተነው። በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን እንደጻፈው ግን በእነዚያ ሙከራዎች ላይ ሁለቱ የአቅጣጫ መሣሪያዎች አልነበሩም። በቦታቸው ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ አስመሳይ ሶፍትዌር ነበር የተቀመጠው። ዩኒት ቴስት አልነበረም፣ አውቃለሁ፤ በሽታው ግን ያው ነው። አስመሳዩ አልተደናቀፈም፤ ለምን ይደናቀፋል? እንዲደናቀፍ የነገረው የለም። ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ሮኬት አንሠራም» አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የፓይተኑ ነው። ፓይተን ከ3.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ፣ ሞክን ከራሱ ከቋንቋው ጋር ነው የሚያመጣው። ማጂክሞክ የሚባል ፍጡር አለው፤ ለማንም «አይ» ብሎ አያውቅም። የፈለግከውን ስም ጥራበት፤ ስሙ ባይኖር እዚያው ፈጥሮ «አቤት» ይላል። «ባንክ» በለው፣ አቤት። «አክስቴ» በለው፣ አቤት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄ ነው።

እና አስቡት፤ በቴስቱ መጨረሻ ላይ «ይሄ ነገር አንዴ ብቻ መጠራቱን አረጋግጥ» የሚል ትእዛዝ ይጻፋል፤ አሰርት ኮልድ ዋንስ። ይህ ትእዛዝ ግን ከ3.6 በፊት በፓይተን ሞክ ውስጥ አልነበረም! ሰው አለ ብሎ ይጽፈው ነበር፤ ሞኩም ትእዛዝ መሆኑን ሳያውቅ እንደማንኛውም አዲስ ስም ይቀበለው ነበር፤ ምንም አያረጋግጥም፤ ምንም አይልም፤ ቴስቱ ያልፍ ነበር። ባንኩ አንዴ ቢጠራ ያልፋል፣ አሥር ጊዜ ቢጠራ ያልፋል፣ ጨርሶ ባይጠራም ያልፍ ነበር። በየድርጅቱ ስንቱ ዘበኛ በር ላይ እንደቆመ መስሎት ሜዳ ላይ ቆሞ እንደኖረ እግዜር ይወቅ። ሰዎች ደግሞ ፊደል ይገለብጣሉ፤ «አሰርት» ለማለት ሲቸኩሉ «አስሬት» ይጽፋሉ። ስለዚህ ከ3.5 ጀምሮ ሞኩ በ«አሰርት» የሚጀምር የማያውቀው ስም ሲጠራበት እንዲጮህ ተደረገ፤ በ«አስሬት» የሚጀምረውም እንደዚሁ። አዎ፣ የተገለበጠው ፊደል ራሱ የፓይተን ኮድ ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። ችኮላችን በሕግ ታወቀልን። እውነተኛውን ክላስ አሳይተኸው መልኩን እንዲይዝ፣ ከዚያ ውጭ የሆነ ስም እንዳይቀበል የምታስገድድበት አውቶስፔክ የሚባል ነገርም አለ። ቢሯችን ውስጥ የምትጠቀምበት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ «ታጠብቃለች» ይሏታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ቡና የምጋብዛት እሷን ብቻ ነው።

ሞክ ሞክን ሲወልድ ደግሞ ጉድ ነው። ደንበኛው ሞክ ነው፤ ደንበኛው ሒሳቡን ሲጠየቅ ሌላ ሞክ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ቅርንጫፉን ሲጠየቅ ሌላ ሞክ። የሞኪቶ ሰዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ፣ ሞክ ሞክን በመለሰ ቁጥር አንዲት የተረት መልአክ ትሞታለች የሚል ቀልድ ጠቅሰዋል። በእኛ ኮድ ብቻ የሞቱት ቢቆጠሩ ተዝካራቸውን የሚችል ደብር አይገኝም። ኮዱ ውስጥ የሁለት መስመር ቅደም ተከተል ብትቀይር፣ ሥራው ምንም ሳይለወጥ፣ ሞኩ «በተነገረኝ ተራ አልጠሩኝም» ብሎ ያኮርፋል፤ ቴስቱ በጅምላ ይወድቃል። ሲያስፈልግ የማይወድቅ ቴስት፣ ሳያስፈልግ ይወድቃል።

ሞክ ጨርሶ ይቅር አልልም። ኤስኤምኤስን ሞክ ማድረግ ግድ ነው። አንዱን ልጅ «እውነተኛውን ተጠቀም፣ ሁሉን አታስመስል» ብዬ ብቆጣው፣ እልኸኛ ነውና የኤስኤምኤሱን ሞክ ነቅሎ ማታውን ቴስቱን ለቀቀው። የደንበኞች ስልክ በእኩለ ሌሊት «ቴስት» የሚል መልእክት ጎረፈበት። ጠዋት ሳፋጥጠው «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት?» አለኝ። አንዱ ደንበኛ «አልፌያለሁ ወይ?» ብሎ መልሶ ጽፏል፤ ከቢሮው ሰው ሁሉ ስለ ቴስት የገባው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ዳታቤዙን ግን ምን አድርጓቸው ነው የሚያስመስሉት? ቴስትኮንቴይነርስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በዶከር እውነተኛ ዳታቤዝ ለቴስቱ ብቻ ያስነሳልሃል፣ ሲያበቃ ያፈርሰዋል። እውነተኛ ዳታቤዝ «ይህ ስም ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ብሎ ይከለክልሃል፤ ሞክ መቶ ጊዜ ብትመዘግበው «እሺ» ይላል። ይህንን ስል የሚመልሱልኝ «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል!» ነው። ሁለት ደቂቃ! እኛ በኮቦል የደመወዝ ፕሮግራም ስንሠራ ፈተናው ማታ ይገባል፣ ውጤቱ ጠዋት በቀዳዳ ወረቀት ታትሞ ይወጣል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በማስመሪያ እየተከተልን ሳንቲም በሳንቲም ከቀድሞው መዝገብ ጋር እናመሳክራለን። አንድ ሰው ጡረታው ሁለት ጊዜ ተቆርጦበት ከሆነ እዚያው ላይ ትይዘዋለህ፤ ሰውየውም ፎቅ ላይ ስለሚሠራ ባትይዘው እሱ ይይዝሃል። እነዚህ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን ብለው ስልካቸውን አውጥተው ቲክቶክ ያያሉ፤ አስር ደቂቃ ያያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። አለቃችን ከየት እንደሰማው እንጃ «ከቨሬጅ 90 በመቶ ይግባ» የሚል ትእዛዝ አወጣ፤ በቴስቱ ጊዜ ከተጻፈው ኮድ ስንት እጁ ሮጧል የሚለው መለኪያ ነው። ልጆቹ ሌት ተቀን ቴስት መጻፍ ጀመሩ። ባለፈው ሰሞን ላፕቶፑን በስቲከር የሸፈነው ልጅ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይዩልኝ። ስድሳ ቴስት ጻፍኩ፣ ሁሉም አልፏል፤ ከቨሬጁ ግን ንቅንቅ አላለም።»

መነጽሬን አደረግሁና አየሁ። ዳታቤዙ ሞክ ነው። ባንኩ ሞክ ነው። ካላንደሩ ሞክ ነው። ወረድ አልኩ። የሚፈተነው ክላስ፣ ራሱ የወለድ ማስያው፣ እሱም ሞክ ነው። «ወለዱ ስንት ነው?» ሲባል «125» በል ተብሏል፤ 125 ይላል፤ 125 መሆኑ ተረጋግጧል። ስድሳ ጊዜ። ከእውነተኛው ኮድ አንዲት መስመር አልሮጠችም።

«ልጄ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የሚፈተነውን ራሱን እኮ ነው ሞክ ያደረግከው።»

አሰበ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «ገባኝ ጋሼ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ገባው ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቲኬት ከፍቶ አገኘሁት፦ «የከቨሬጅ መለኪያው ሞክ የተደረጉ ክላሶችን አይቆጥርም፤ ይስተካከል።» አስቸኳይ ብሎታል። የመደበው ለእኔ ነው።